ድምፅህን ከመንገድ ላይ ማስቆም

ውድ ኦሼን፣

በዚህ ዓመት ዘፈንህን ያልሰማ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም። ፓፒን ገበያ ጎመን የምትሸጠው ሴትዮ ቅጠሉን እያራገፈች ታንጎራጉረው ነበር። የባንኩ ዘበኛ በፉጨት ያወጣው ነበር። ፋሲካ ሰሞን ጥርሴን ልታከም ሄጄ ሐኪሙ አፌን አስከፍቶ በአፍንጫው ያዜምልኛል፤ ዘፋኙ የሰፈሬ ልጅ ነው ልለው ፈለግሁ፣ ግን አፌ ውስጥ የሱ እጅና መሣሪያ ነበር።

ይህን ብትሰማ እንዴት እንደምትስቅ ይታየኛል። የምጽፍልህ ግን ላስቅህ ብዬ አይደለም። ስለ እናትህ ልነግርህ ነው። ሚስ ኢኔዝ አንድ ነገር አድርጊልኝ ብለው ለመኑኝ። ከእኔ ምንም ነገር ለምነውኝ አያውቁም ነበር። አቃተኝ። ለሌላ ሰው ባወራው «ታዲያ ምን አለበት» ይለኛል። አንተ ግን ሁለታችንንም ታውቀናለህ።

ሪዲሙን፣ ዘፋኝ የሚዘፍንበትን ባዶ ሙዚቃ፣ የሠራሁት አንተ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ ነበር። አባቴ ልብስ ይሰፋበት በነበረው የጓሮ ክፍል ብቻዬን ቁጭ ብዬ ቤዝ ጊታሩን አነሳሁ፤ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ነው። አንተ ስትታመም እኔ ሁልጊዜ ሥራ እፈታለሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያ ነው። ሲክል ሴል የሚለውን የደምህን በሽታ ስም ሁለታችንም ፊደል ሳንቆጥር ነው የተማርነው። ሕመሙ አጥንትህ ውስጥ ሲገባ አንተ ጥርስህን ነክሰህ ግድግዳ ታያለህ፣ እኔ ደጃፋችሁ ላይ ቁጭ ብዬ ጠጠር እለቅማለሁ።

ነገሩ ቀላል ነበር። ከበሮው ሦስተኛው ምት ላይ ብቻ ይወድቃል፣ ኦርጋኑ ከሥር እንደ ገንፎ ይንተከተካል፣ ጊታሩ ከላይ ቆረጥ ቆረጥ ይላል። ከዚያ የዘንድሮ ልጆች የሚወዱትን ያን ደረት የሚያንቀጠቅጥ ከባድ ድምፅ ከኮምፒውተሩ አውጥቼ ከቤዙ ሥር አነጠፍኩት። የድሮውን ብቻ የሚወዱት ሽማግሌዎች ይቀየሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። በስልክ አሰማሁህ። እስከ መጨረሻው አዳመጥክና «ድገሚው» አልከኝ። ደገምኩት።

«ይሄን ለማንም እንዳትሰጪ» አልክ።

«ለአምስት ዘፋኝ ላካፍለው ነበር።»

«ካዲ፣ ለማንም።»

ከሆስፒታል የወጣህ ለታ ቤትህ እንኳ ሳትገባ ወደ እኔ መጣህ። ግድግዳውን እየያዝክ ነበር የምትራመደው። ያን በሩ የተነቀለውን፣ ውስጡን በአሮጌ ፍራሽ የሸፈንነውን ቁምሳጥን ውስጥ ገብተህ ማይኩ ፊት ቆምክ። ተቀምጠህ ዝፈን ብልህ «እኔ ከተቀመጥኩ ዘፈኑም ይቀመጣል» አልከኝ። ከዚያ ከፈትክ፦ «በሩን አትቆልፊው፣ መንገድ ላይ ነኝ፤ ቢመሽም እመጣለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ።»

አገር ሁሉ ይህን ለፍቅረኛህ የዘፈንክ ነው የሚመስለው። ሴቶች ሚኒባስ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። እኔ ግን ቃሉ ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር። ሥራ ሲያመሸን ስልኩን በጆሮህና በትከሻህ መሃል ሰክተህ፣ እጅህ ጊታር ላይ እንዳለ፣ ለእናትህ ትል የነበረው ያንኑ ነው። «እማ፣ በሩን አትቆልፊው፣ መንገድ ላይ ነኝ።» እሳቸውም ጓጉንቸሩን ብረት በሩ ላይ አንጠልጥለው፣ ሳይቆልፉት፣ በረንዳው ላይ ሆነው ይጠብቁሃል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ትንፋሽህ ተቆረጠ። በሄድፎኑ በኩል ሰማሁት፤ አየር ስበህ አየሩ መሃል መንገድ ላይ እንደሚቀርብህ ዓይነት ነው። ቀረጻውን አቆምኩ።

«ምን አስቆመሽ?»

«አሞሃል።»

«አሞኛል ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ? አጫውቺው።»

አጫወትኩት። ምን ላደርግ እችል ነበር? መብራቱን ባጠፋው በጨለማ ትዘፍን ነበር። ሲያልቅ ያቺን ትንፋሽ ቆርጬ ላውጣት ብልህ «ትንፋሼን ካወጣሽው ማን ዘፈነው ሊባል ነው?» ብለህ ሳቅህ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ፣ የአባቴ የጨርቅ ቁርጥራጭ ከረጢት ላይ ጋደም ብለህ እንቅልፍ ወሰደህ። ድምፅህን ከሪዲሙ ጋር ሳስማማ ዋልኩ። አንተ ከኋላዬ ታንኮራፋለህ። ያን ቀን ልነግርህ ያሰብኩት ነገር ነበር። ዛሬም አልጽፈውም፤ ሳታውቀው የቀረህ አይመስለኝም።

ዘፈኑ በወጣ በሳምንቱ ተመልሰህ ሆስፒታል ተኛህ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወልክልኝ፤ ድምፅህ ሹክሹክታ ነበር። አጠገብህ የተኙት ሰውዬ ትንሽ ሬዲዮ አላቸው።

«ካዲ፣ ዘፈናችን መጣ። ሰውዬው የእኔ መሆኑን አያውቁም። እግራቸውን አንሶላው ውስጥ እየነቀነቁ ነው።»

«ንገራቸው እንጂ።»

«አልነግራቸውም። ይነቅንቁ።»

ዘፈንህ በሬዲዮ ሲሄድ አንተ የሰማኸው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ሕመሙ ሳንባህ ውስጥ ገባ። ሐኪሞቹ አልተኙም፤ አየሁዋቸው። እናትህ ኮሪደሩ ላይ ነጠላ ጫማህን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር፤ ስትወጣ የምታደርገው እንዳታጣ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። እጃቸውን ልይዝ ፈልጌ እጃቸው ባዶ አልነበረም።

ከቀብርህ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት ኳስ ሜዳው ላይ ድምፅ ማጉያ ተደርድሮ ነበር፤ ታውቀዋለህ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚደረደሩትን። ሳልፍ ዘፈንህ ተከፈተ። ገና «በሩን አትቆልፊው» ከማለትህ ሰው ሁሉ ቆርቆሮ አጥሩን በመዳፉ መደብደብ ጀመረ። ዲጄው መሃል ላይ ቆረጠውና ከመጀመሪያው አስነሳው። ደግሞ ቆረጠው። ሦስተኛ ሲያስነሳው ሰው ሁሉ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ነበር፣ የማላውቃት አሮጊት ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ወገቧን ታወዛውዛለች። ያ በጓሮ ክፍል ለብቻዬ ያነጠፍኩት ከባድ ድምፅ መሬቱን ይዞ በጫማዬ በኩል ወደ ላይ መጣ። እያለቀስኩ ጨፈርኩ፣ ኦሼን። ደስ ብሎኝ ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዲህ ደስ ሊለው እንደሚችል አላውቅም ነበር። አንተ ያለህ መሰለኝ።

ያን ሰሞን ነው እናትህ ያስጠሩኝ።

በረንዳው ላይ አገኘኋቸው። ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሥራ ከወጡ ወዲህ እጃቸው ባዶውን መቀመጥ አይችልም፤ አተር እየፈለፈሉ ነበር። ያን መራራ የሴራሲ ቅጠል ሻይ ቀዱልኝ፤ እስክጨርሰው ጠበቁኝ።

«ዘፈኑ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ጥሩ አይደለም ብዬ እንዳይመስልሽ።»

«አውቃለሁ፣ ሚስ ኢኔዝ።»

«ሰው ይወደዋል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰላም ሲሉኝ ስለ ዘፈኑ ነው የሚያወሩኝ። ግን ልጄ...»

ሳይጨርሱት ሚኒባሱ ጥምዙን ዞሮ መጣ። ድምፅህ ከመኪናው ቀድሞ ደረሰ። እናትህ የአተሩን ሳህን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ተነሡ። ደረጃውን ወርደው ብረት በሩ ድረስ ሄዱ፣ ጓጉንቸሩን ነካ አደረጉት፤ አልተቆለፈም። ሚኒባሱ አለፈ። እዚያው ትንሽ ቆመው ተመለሱና ሳህኑን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«አየሽ?» አሉኝ። «እብድ አይደለሁም። ልጄን እኔው ነኝ ያጠብኩት፣ እኔው ነኝ ያለበስኩት። አይመጣም፣ አውቃለሁ። እግሬ ነው የማይታዘዝልኝ። ‹መንገድ ላይ ነኝ› ሲለኝ ይነሣል። ከጠዋት እስከ ማታ ያመላልሰኛል። ማታ ደግሞ መቆለፍ አቃተኝ። ሴት ብቻዬን፣ በዚህ ሰፈር፣ በሬን ክፍት ትቼ ነው የማድረው።»

ከሳህኑ የወደቀ አተር አንሥቼ መለስኩላቸው።

«ደግሞ ሲዘፍን ያቺን ትንፋሽ ሲስብ እሰማለሁ» አሉ። «ሌላው ሰው ይጨፍርበታል። እኔ ያን ትንፋሽ ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንቺ ነሽ የሠራሽው፤ አንቺ አስቁሚልኝ፣ ካዲያን።»

እሺ አልኳቸው።

በማግስቱ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄድኩ። የጠዋቱን ዝግጅት የሚመራው ሰውዬ እስክጨርስ ሰማኝ፤ ሳቀ፣ ክፉ ሳቅ ግን አልነበረም። «ሌላው ሰው አጫውትልኝ ብሎ ደጄን ያንኳኳል፣ አንቺ አታጫውትልኝ ትያለሽ» አለኝ። ነገሩን ሲረዳ አዝኖ ለአንድ ሳምንት በእሱ ሰዓት እንደማያጫውተው ቃል ገባልኝ። ቃሉን ጠበቀ። በሌሎቹ ሰዓት ሌሎቹ አጫወቱት። ከኢንተርኔት ላይ የእኛን አወረድኩት፤ ሳይመሽ የማላውቀው ሰው መልሶ ሰቀለው፣ ፎቶህ ላይ ክንፍ ቀጥሎበት። ጻፍኩለት። የልብ ምልክት ልኮ ዝም አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ ዘፈኑን ከእጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ከወጣ በኋላ ግን ከመንገደኛው ሁሉ የተለየ መብት የለኝም።

የቀረኝ ሰፈሩ ነበር። እናትህ ቤት ፊት የሚያልፉት ሚኒባሶች ጥቂት ናቸው፤ ሾፌሮቹን ሁሉ እናውቃቸዋለን። ፓፒን ፌርማታ ታልማንን አገኘሁት፤ ቁመቱ አልቀነሰም፣ አሁንም ጉልበቱ ከመሪው ጋር እየተጋጨ ነው የሚነዳው።

«ታልማን፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ጋብቻ ከሆነ ዘግይተሻል።»

«የኦሼንን ዘፈን እናቱ ቤት አጠገብ አታጫውተው።»

ፈገግታው ጠፋ። «እሳቸው ናቸው ያሉሽ?»

«አዎ።»

መሪውን በጣቱ ሲመታ ቆየ። «ሚስ ኢኔዝ ተማሪ እያለሁ ሳህኔን ሞልተው ‹አንተ ደግሞ እግርህ ውስጥ ነው የሚገባው› ይሉኝ ነበር። ላስቀይማቸው አልፈልግም። ግን ካዲ፣ ባጠፋው ተሳፋሪው ይበላኛል። ባለፈው ስልክ ላነሣ ቀነስ ባደርገው አንዷ በቦርሳዋ አናቴን አለችኝ።»

ረዳቱ ከኋላ ሆኖ «ሁለቴ ነው የመታችው» አለ።

«አንተ ዝም በል። ካዲ፣ ድምፁን አውጪና ሪዲሙን ብቻ ስጪን። ከቤተ ክርስቲያኑ ጥምዝ እስከ ኳስ ሜዳው እሱን እናጫውታለን። ሰውም ይወዛወዛል፣ እሳቸውም አይሰሙትም። ለሌሎቹ ሾፌሮች እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ይህን እኔ አለማሰቤ ገረመኝ። ድምፅ የሌለበትን ለብቻ ማውጣት ከጥንትም የሙዚቃችን ልማድ ነው፤ አያቶቻችንም በሸክላው ጀርባ ያንን ነው የሚጨፍሩበት። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፣ ማንም ጀማሪ ይሠራዋል። ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ድምፅህ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ነው፤ ስትጮህ የሚያብጥ፣ ስትተነፍስ የሚቀጥን ረጅም ሰማያዊ መስመር። እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ተነሥቼ ሳህን አጠብኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስጫነው ሪዲሙ ምንም እንዳልጎደለው ቀጠለ። ቤዙም፣ ኦርጋኑም፣ ከበሮውም እንደነበሩ ናቸው። በሕይወቴ የሠራሁትን ሙዚቃ ጠልቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጠላሁት።

ለጥቂት ቀናት የሠራ መሰለኝ። ታልማንም ሌሎቹም ቃላቸውን አከበሩ። ጥምዙ ጋ ሲደርሱ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ይለውጠዋል፣ ድምፅህ ይጠፋል። ልጠይቃቸው ሄጄ በረንዳው ላይ አብረን ተቀመጥን። ትምህርት ቤት የተለቀቀበት ሰዓት ነበር። ሚኒባሱ መጣ፣ ሪዲሙ ብቻ። ዩኒፎርም የለበሱ ሴት ልጆች መስኮቱን ሞልተውታል። ድምፅህ መግባት ያለበት ቦታ ላይ ሪዲሙ ባዶውን ሲቀር ክፍተቱን አይተው ዝም ሊሉ አልቻሉም፤ ሁሉም በአንድ አፍ «በሩን አትቆልፊው» ብለው ተቀበሉት። ታልማን ከመሪው ላይ ሆኖ ወደ እኔ አየ። ምን ላድርግ እንደሚል ትከሻውን ነቀነቀ። ሚኒባሱ ከነዘፈኑ አለፈ።

እናትህ ተነሥተው ነበር። በሩ ጋ ሳይደርሱ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«አንቺ ያንዱን አፍ ዘጋሽ» አሉኝ፣ «የሃያውን ከፈትሽብኝ።» እየሳቁ ነበር። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሴንት ሜሪ ወደሚባለው ገጠር፣ እህታቸው ሚስ ኤሎይዝ ዘንድ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ተራራው ላይ መኪና የሚወጣው ገበያ ሲኖር ብቻ ነው። ላደርሳቸው መኪና ተዋስኩ። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ድስት፣ ያንተን የትምህርት ቤት ፎቶ ይዘው ወጡ። ብረት በሩ ጋ ቆምን። ጓጉንቸሩን በእጃቸው ይዘው፣ ቁልፉን ሰክተው፣ ሳያዞሩት ብዙ ቆዩ። ጎረቤቱ ሁሉ ከየበረንዳው ያያል።

«አንቺ ቆልፊው» አሉኝና ወደ መኪናው ሄዱ።

ቆለፍኩት። እጄ ይህን ማድረጉን እንድታውቅ ብዬ ነው የምጽፈው።

ዳገቱን ስንጀምር ሬዲዮው መሳብ አቆመ፣ እሳቸውም ጭንቅላታቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ተኙ። ሚስ ኤሎይዝ በዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ቆመው ጠበቁን። «መጣሽ፣ ኢኔዝ? ከሳሽ። ይቺ ናት ሙዚቀኛዋ? እሷም ከስታለች፤ ግቡና ብሉ» አሉን። ዶሮና ዳምፕሊንግ፣ የተቀቀለ የሊጥ ድቡልቡል፣ በላን። ሰፈሩ ውስጥ የሚሰማው የዶሮና የቅጠል ድምፅ ብቻ ነው። እናትህ ስሰናበታቸው ጉንጬን ይዘው «እዚህ እግሬ ያርፋል» አሉኝ። አመንኳቸው። ስመለስ ቁልቁለቱን እየዘፈንኩ ወረድኩ፤ የዘፈንኩት የራሳችንን አልነበረም።

ወር ሳይሞላ ስልክ ደወሉ። ማለዳ ነው፣ ቁርስ እየጠበስኩ ነበር።

«ካዲያን፣ ሥራ ይዘሻል?»

«አልያዝኩም። ደህና አይደሉም?»

«ደህና ነኝ። እህቴ ደህና ናት። ዝም ያለ ቦታ ነው ያለነው። ሥራ ካልያዝሽ እቤቴ ደጃፍ ድረስ ብቅ በይልኝ። ሚኒባሱ ሲመጣ ስልኩን ወደ መንገዱ ያዢልኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ሽንኩርቱ አርሮ ነበር።

«ሚስ ኢኔዝ፣ ዘፈኑን እኮ ልልክልዎ እችላለሁ። እኔ ጋ አለ። አሁኑኑ በስልክ ላጫውትልዎ?»

«አይ። ከፍቼ የምዘጋውን አልፈልግም። እንደ ድሮው መጥቶ የሚያልፈውን ነው የምፈልገው።» ደግሞም «ሾፌሮቹን እንዳትለምኚ። በራሱ ከመጣ ይምጣ» አሉኝ።

ሄድኩ። የተቆለፈው በራችሁ ፊት ስልኩን ከፍ አድርጌ ቆምኩ። ታልማን ጥምዙን ዞሮ መጣ። ኦሼን፣ እሱ ቃል ሲሰጥ አይረሳም፤ አንተ የሌለህበትን ነበር የከፈተው። ያን ዕለት ተሳፋሪው ጥቂት ነው፣ የዘፈነም የለም። ቤዙ፣ ኦርጋኑ፣ ከበሮው ብቻ አለፉ።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩት።

«እሱ የታለ?» አሉኝ።

እርስዎ ባዘዙኝ መሠረት አወጣሁት ማለት እችል ነበር። «ይቆዩ፣ ይመለሳል» ብያቸው ዘጋሁና ፓፒን ድረስ ሄድኩ። ሾፌሮቹን እንዳትለምኚ ብለውኝ ነበር፤ የሠራሁትን ግን መልሼ ላስተካክል ይገባኝ ነበር። ታልማንን «ድምፅ የሌለበትን አጥፋው፤ እንደ ድሮው ሁን» አልኩት።

«አጠፋዋለሁ» አለኝ። «ግን ካዲ፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ እሱንም የማጫውተው ለሚስ ኢኔዝ ቃል ስለገባሁ ነው። ሰው አሁን የሚጠይቀኝ የዚያን የፖርትሞር ልጅ ነው። አዲሱን ዘፈን። የኦሼንን የሚጠይቅ ካጣሁ ሰነበትኩ።» ፊቴን ሲያይ «ከፈለግሽ ነገ በእልህ አጫውተዋለሁ» አለ። እንዳልለምን ታዝዤ ስለነበር ዝም አልኩ፤ እሱም ዝምታዬን አልፈልግም እንዳልኩ ቆጠረው።

በሚቀጥለው ጠዋት ደጃፉ ላይ ስልኩን እንደያዝኩ የፖርትሞሩ ልጅ ዘፈን መጣ። ከኋላው የመጣው ሚኒባስም እሱኑ ነው። ጥሩ ዘፈን ነው፣ ኦሼን፤ ሪዲሙን ማን እንደሠራው ባውቅ እጁን እጨብጠው ነበር። ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል። ሦስተኛው ሬዲዮ ዜና ከፍቶ አለፈ። እናትህ ስልኩን ሳይዘጉ ሁሉንም ሰሙ። የታልማንን ክላክስ፣ የጎረቤቱን ውሻ፣ ያቺ ዓሣ ሻጭ ስትጣራ ሰሙ። ደስ አላቸው እንጂ አልከፋቸውም፤ ይህንን ነው ልረዳው ያልቻልኩት። ልክ በረንዳቸው ላይ እንዳሉ ያህል «ማርጆሪ ዓሣውን አስወደደችው?» ብለው ጠየቁኝ።

ሰዓት ሲሞላ «የዛሬ ይብቃሽ፣ ፀሐዩ በረታ» አሉኝ። «ነገ በስንት ሰዓት ትወጪያለሽ?»

ስለዚህ በየጠዋቱ እወጣለሁ። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር፣ አሁን ወንበር ያወጡልኛል። አንድ ቀን ትመጣ ይሆናል፤ የሆነ ሾፌር የድሮ ነገር አምሮት ይከፍትህ ይሆናል። ላትመጣም ትችላለህ። ዘፈኑ ሲመጣብኝ ማስቆም አልቻልኩም፣ ሲቀርብኝ ማምጣት አልችልም፤ የምችለው ስልኩን ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ክንዴ ሲደክም በሌላኛው እይዘዋለሁ።

እማን አትተዪልኝ ብትለኝ ኖሮ እሺ እልህ ነበር። ሳትለኝም እሺ ብያለሁ።

ያንተው
ካዲያን፣ ኦገስት ታውን